ከቀኝ በኩል

ሒሩት ነገሩን ያስተዋለችው ፎቶውን በትልቁ አትማ፣ ፍሬም ውስጥ አስገብታ፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ምስማር መትታ ከሰቀለችው ከአራት ቀን በኋላ ነው። በአራቱ ቀን ውስጥ ቤት የገባ ሁሉ አይቶታል፤ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰውዬ ሳይቀር ቆም ብሎ «ጋሼ አምሮባቸዋል» ብሎ ሄዷል። እሷም የመጣውን እንግዳ ሁሉ እጁን ይዛ ፎቶው ፊት አቁማዋለች። ሐሙስ ጠዋት የፍሬሙን መስታወት በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውል ግን እጇ መሀል ላይ ቀረ። ባሏ የማነ ለካሜራው የሰጠው ግራ ጉንጩን ነበር።

የማነ ከግራ ጆሮው ሥር ተነስቶ እስከ አገጩ የሚወርድ የቃጠሎ ጠባሳ አለው። ልጅ ሳለ የፈላ ውሃ ተገልብጦበት ነው። ለሰርጋቸው ፎቶ የቆሙ ዕለት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ በዚህ በኩል እንዳያነሱኝ አላት። ሒሩት ያኔ በሰው ፎቶ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ስለነበር፣ አንሺውን ጠርታ መብራቱን አስዞረችው። ሙሽራውንም «የማን በግእዝ ቀኝ ማለት ነው፤ ስምህ ራሱ ቀኝ ነው፤ በል ቀኝህን ስጠኝ» አለችው። ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በክርስትናም፣ በምርቃትም፣ በእንቁጣጣሽም፣ ካሜራ ባነሳች ቁጥር «ቀኝህን ስጠኝ» ትለዋለች፤ እሱም ይሰጣታል። በቤቱ ውስጥ ካሉት አልበሞች በአንዱም የማነ ግራ ጉንጭ የለውም።

እንግዲህ ይህን ያነሳው ማነው?

የማነ የሚሠራው ፈቃድ ይዘው ለአደን የሚመጡ የውጭ አገር ሰዎችን ወደ አርሲና ባሌ ደጋ በሚወስድ ድርጅት ውስጥ በሹፌርነት ነው። ለጉዞ በወጣ ቁጥር ሒሩት የክፉ ወሬ ስልክ ስትጠብቅ ትከርማለች። መኪናው ገደል ሲገባ፣ ጥይት ሲባርቅ፣ ወንዝ ሲሞላ፣ በሐሳቧ ያላየችው የለም። በሩን ቆልፋ፣ የቆለፈችውን ደግማ ፈትሻ፣ ወንበር አስደግፋ ነው የምትተኛው። በዚያ ሁሉ ስጋቷ ውስጥ ግን አንድም ቀን ሴት ገብታበት አታውቅም። አሁን ያናደዳት ይኸው ነው፤ ለክፉ ነገር ሁሉ ስትዘጋጅ ኖራ ዋናውን ረስታዋለች።

ፎቶውን የላከላት ከመጨረሻው ጉዞ ሲመለስ ነበር። ሳሩ ላይ በርከክ ብሏል፤ የርቀት መነጽሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከማዶ ያለውን ጋራ ጉም እየለቀቀው ነው፤ የጠዋት ፀሐይ በጎን መጥታ ፊቱ ላይ አርፋለች። ይስቃል። ሒሩት ፎቶውን እንደ ባለሙያ ነበር የወደደችው። ጉርድ ሾላ ባለችው ጠባብ ፎቶ ቤቷ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለመታወቂያና ለመንጃ ፈቃድ ጉርድ ፎቶ የምታነሳ ሴት፣ እንዲህ ያለ ብርሃን የምታገኘው በሕልሟ ነው። ስታትመው የሳሩን አረንጓዴ ስታስተካክል፣ የሰማዩን ጫፍ ስትቆርጥ፣ የባሏን ፊት ማየት ረስታ ነበር።

ፍሬሙን አውርዳ ጠረጴዛ ላይ አጋደመችውና እንደ መርማሪ አየችው። አድማሱ በየማነ ወገብ ትክክል ነው ያለው። ስለዚህ ያነሳው ሰው ዓይን ከወገቡ ከፍ አይልም፤ ሰውዬው ወይም ሴትዮዋ ጤዛ ባረጠበው ሳር ላይ ተኝተዋል ማለት ነው። ከፊቱ ስፋት ስትገምተው ደግሞ ርቀቱ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። የትኛው ሹፌር ነው ለሹፌር ጓደኛው ብሎ ጤዛ ላይ የሚተኛ? ሳቁም ቢሆን ፈገግ በል ተብሎ የመጣ ሳቅ አይደለም። ሒሩት በቀን ስንቱን ሰው ፈገግ በሉ ትላለች፤ ታዝዞ የሚመጣውን ሳቅ ታውቀዋለች።

ማታ ራት ላይ ነገሩን ቀላል አስመስላ ማን እንዳነሳው ጠየቀችው። የማነ ከሳህኑ ቀና ሳይል ልጆቹ ናቸው አላት። የትኞቹ ልጆች ብላ ስትደግም ሽሮው ጨው እንደበዛበት ነገራት። ሽሮው ጨው አልበዛበትም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው ሔራን አባቷን አየች፣ እናቷን አየች፣ ከዚያ ሳህኗን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። በዚያች ቅጽበት ሒሩትን ልጅቷ ፈተና ስትወድቅ፣ ቤቱ በፍርድ ቤት ሲካፈል፣ እሷም የማተሚያ ማሽኗን በጋሪ ጭና ወደ እናቷ ቤት ስትመለስ ታያት።

በማግስቱ የማነ ገላውን ሲታጠብ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በራ። ሒሩት የሰው ስልክ አትነካም፤ የበራ ነገር ግን ሳይነኩትም ይነበባል። መልእክቱ የመጣው «ዳርቱ ካሜራ» ከሚል ስም ነው። «እሁድ ጠዋት፣ እንዳለፈው ከራጉኤል ጀርባ ባሕር ዛፉ ውስጥ። ሳሩን አንተ አምጣ፣ ቀንዱን እኔ እይዛለሁ» ይላል።

እንዳለፈው። ያለፈው እሁድ የማነ ጋራዥ ነበር የዋለው። እሱ እንዳለው።

ከፎቶ ቤቷ ጎን ሥርጉት የምትባል ልብስ ሰፊ አለች፤ የሰው ትዳር ስትተረትር እጇ ከመቀሷ ይፈጥናል። ሒሩት ለማንም አልናገርም ብላ ነበር የገባችው። ቁጭ ባለች በአምስተኛው ደቂቃ ግን ከፎቶው ጀምራ እስከ መልእክቱ ድረስ ዘርዝራላት አረፈች።

«ሳርና ቀንድ?» አለች ሥርጉት፣ መርፌዋን ከከንፈሯ መሀል አውጥታ። «ጫካ ውስጥ?»

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

«አንቺ የዋህ። ይሄ እኮ የፍቅር ቀጠሮ አይደለም። ለቀጠሮማ ሰው ኬክ ቤት ነው የሚሄደው። ይሄ መስተፋቅር ነው። በቀንድ ይቀምሙታል፣ በሳር ይቋጥሩታል፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ አንቺን ሲያይ እሾህ ያየ ነው የሚመስለው።»

ሒሩት «ሽሮው ጨው በዛበት ብሎኛል» አለች በቀስታ።

ሥርጉት ራሷን ነቀነቀች። «ጀምሮታል።»

ሒሩት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰች ሴት ናት፤ እንዲህ ያለውን ወሬ አታምንም። ነገር ግን ወሬው ክፉ እስከሆነ ድረስ፣ ባታምነውም ልቧ ማደሪያ አይነሳውም። ቅዳሜን አንድ ደንበኛን ዓይኑን እንደጨፈነ ሁለት ጊዜ አንስታ፣ የአንዱን መታወቂያ በሌላው ስም ላሚኔት አድርጋ ዋለች።

እሁድ በጠዋት የማነ አንድ ጆንያ ሳር በትከሻው ይዞ፣ አንድ ጓደኛው በግ ስላሰረ ላደርስለት ነው ብሎ ወጣ። ሒሩት ነጠላዋን አጣፍታ፣ የሱቋን ካሜራ በቦርሳዋ ይዛ ተከተለችው። ካሜራው ማስረጃ ነው። የማስረጃውን መጨረሻ አላሰበችበትም፤ ዳኛ ፊት ታሳየው ይሆናል፣ ወይም ለሥርጉት። ከመገናኛ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ ደግሞ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ታክሲ፣ አቀበቱን ስትወጣ መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ሁሉም ሲያልቅ ሁለት ጊዜ ታያት። ራጉኤል በሰላም ደረሰች። ከቅዳሴ የወጣው ሕዝብ ነጭ በነጭ ሆኖ ደጁን ሞልቶታል። ደጁን ተሳልማ «አታሳየኝ» ብላ ለመነች፤ ለምናም ስታበቃ ልታይ ሄደች።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ቀጭን መንገድ ቅጠል የተሸከሙ ሁለት ሴቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። አንድ ጠይም ሰውዬ ጆንያ ይዞ አይታችሁ እንደሆን ጠየቀቻቸው። ፊተኛዋ ሸክሟን እንደያዘች ቆማ ሳቀች። ከታች ካለው ገላጣ ቦታ ላይ ናቸው፣ ዛሬም ጆንያቸውን እየገደሉ ነው አለቻት። ሒሩት የምትለው ነገር አልገባትም። የገባት «ናቸው» የሚለው ብቻ ነው።

ከአንድ ወፍራም ግንድ ኋላ ቆማ ካሜራዋን አወጣችና በሌንሱ አየች።

መሬቱ ላይ ሳር የተጠቀጠቀበት ጆንያ ተጋድሟል። በአንድ በኩል ትልልቅ የበሬ ቀንዶች በገመድ ታስረውበታል፤ ከቀንዶቹ ሥር አፍ በሚመስል ቀዳዳ ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ከጆንያው ኋላ ሱሪ የለበሰች፣ ሰፊ ኮፍያ ያደረገች የሃያ አምስት ዓመት ገደማ ሴት ተንበርክካለች። ቀንዶቹን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከሩቅ አገር መጥቶ ትልቅ አውሬ እንደጣለ አዳኝ አገጯን ከፍ፣ ደረቷን ነፋ አድርጋለች። የማነ ከፊቷ በሆዱ ተኝቶ ሊያነሳት ያነጣጥራል።

ኮፍያሽ ፊትሽን አጥቁሮታል፣ ከፍ አድርጊው አላት። አደረገች። ከዚያ ልጅቷ ድምጿን እንደ ፈረንጅ አጎርንና «ምላሱስ?» አለችው። የማነ ደንግጦ ተነሳ፤ ሮጦ ቀዩን ጨርቅ ወደ ጆንያው አፍ መልሶ ከተተው፣ በፊት ለፊት የቆሙትን ቀንበጦች ሰበረ፣ ጆንያውንም ደም እንዳለበት ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው። ልጅቷ ሰዓቷን እያየች ታጣድፈዋለች፤ የአውሬው ዓይን ቶሎ ይፈዛል፣ ዓይኑ ከፈዘዘ ፎቶው የሥጋ ቤት ፎቶ ነው የሚሆነው ትለዋለች።

ሒሩት ነገሩ ቀስ እያለ ገባት። መስተፋቅሩ ይህ ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ብቻዋን ሳቀች። በደህና ወደ ቤቷ መመለስ የነበረባት ያን ጊዜ ነው።

አልተመለሰችም፤ እነሱም ቦታ ተለዋወጡ። አሁን የማነ ከጆንያው ኋላ ተንበረከከ፣ ልጅቷ ደግሞ ደረቅ ቅጠሉ ላይ በሆዷ ተኛች። ዙር አላለችውም፣ ቀና በል አላለችውም። ስለ መንገድ፣ ስለ አንድ ጎማ እያወራችው ጠበቀች። የማነ እያወራ እያለ በራሱ ጊዜ ግራውን ሰጣት። ፀሐይዋ በቅጠሉ መሀል ገብታ ጠባሳው ላይ አረፈች፣ እሱም ሳቀ። ያንኑ ሳቅ።

ሒሩት ቢሳሳሙ ኖሮ ይህን ያህል የሚያማት አልመሰላትም። ለዚያ ቢያንስ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው።

እግሯ ሥር ደረቅ ልጥ ተሰበረ።

«ሒሩት?» አለ የማነ፣ ቀንዱን እንደያዘ።

«ራጉኤልን ልሳለም መጥቼ ነው።»

«ራጉኤል እኮ ከኋላሽ ቀረ።»

ልጅቷ ጉልበቷን እያራገፈች ተነስታ እትዬ ሒሩት ብላ እጅ ነሳች። ዳርቱ እንደምትባል፣ በድርጅቱ ውስጥ አዳኞቹን አጅባ ፎቶ የምታነሳ እሷ እንደሆነች ነገረቻት። የየካ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ድሮ እዚሁ ከጋራው ሥር ያርሱ ነበር። የመጣውን ጣጣም ሳትጠየቅ ዘረገፈችው። ባለፈው ወቅት እሷ ባልነበረችበት ጉዞ ፎቶ ያነሳው የማነ ነበር፤ የሰዎቹ ፊት በኮፍያ ጥላ ጠቁሮ፣ የአውሬው ምላስ ተዘርግቶ፣ በአንዱም ላይ ከአዳኙ ራስ በላይ ቢጫ ጀሪካን እንደ ዘውድ ቁጭ ብሎ ነው የወጣው። አለቃቸው ከዚህ በኋላ አብሮ የሚጓዘው ፎቶ ማንሳት የሚችል ሹፌር ብቻ ነው ብሏል። ፈተናው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ የማነ አስተምሪኝ ብሎ ለመናት።

«እርስዎ ፎቶ ቤት አለዎት አሉ» አለች ዳርቱ፣ ያለ ምንም ተንኮል። «ለምን እርስዎ እንዳላስተማሩት ሁልጊዜ እጠይቀዋለሁ።»

«ምን ይልሻል?»

«ዝም ይላል።»

ከዚያ ዳርቱ የሁለቱን ፊት አየችና እናቷ እንደደወለች ሰው ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ በኦሮምኛ እያወራች ወደ ታች ራቀች።

ሒሩት የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጠች። የማነ ለመቀመጥ ፈርቶ ፊቷ ቆመ። በግ ያሰረው ጓደኛህ ደህና ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ለምን እንደዋሻት ጠየቀችው፤ ብነግርሽ ትመጫለሽ ብዬ ነው አላት። ብመጣስ አለችው። ኮፍያውን አውልቆ ጠርዙን ያዞር ጀመር።

«ሃያ ዓመት ሰው ሳነሳ አይተኸኛል» አለችው። «የብርሃኑን ነገር እንደ እኔ የሚያውቅ የለም ብለህ ለሰው ስታወራ ሰምቼሃለሁ። ለመማር ስትፈልግ ግን እሷን ለመንክ።»

«ብትመጪ ቀኝህን ስጠኝ ትይኛለሽ።»

«ብልህስ?»

«ሒሩት፣ አንቺ ካሜራውን ገና ከቦርሳሽ ስታወጪው ጉንጬን ያሳክከኛል። መጀመሪያ ላይ ደስ ይለኝ ነበር። በኋላ ግን ሰው ሁሉ ረሳው፤ መሥሪያ ቤት ረሱት፣ ሔራን እንኳ መኖሩን አታየውም። የምታስታውሽኝ አንቺ ብቻ ቀረሽ።»

«አንተ ነህ የጠየቅከኝ።»

«አንድ ቀን ነው የጠየቅኩሽ» አለ የማነ። «የሰርጌን ቀን።»

ሒሩት ሃያ ዓመት የደበቀችለትን ጉንጭ አየችው፤ ከተጋቡ ወዲህ ልክ እንደ ደንበኛ ፊት ስታስተካክለው እንጂ እንዲሁ አይታው እንደማታውቅ ተሰማት። ከዚያ ደግሞ ቅናቷ ተመልሶ መጣ፤ ለራሷም አላዘነላትም።

«እሷ ምን አለችህ? የዚያን ቀን፣ ባሌ ደጋ ላይ።»

«ምንም። በየት በኩል ልዙር አልኳት፤ በፈለግከው አለችኝ።»

በፈለግከው። ሒሩት ዳርቱ ወጣት ናት ብላ ልትጠላት ሞክራ ነበር፤ ሱሪዋንም፣ ኮፍያዋንም ሞክራለች። ይህን ቃል ግን ያለ ሙከራ ጠላችው። ለመናገር ካሜራ አያስፈልገውም፣ ትምህርት አያስፈልገውም፤ እሷም አፍ ነበራት።

ዳርቱ ወሬዋን ጨርሳ ስትመለስ ሒሩት ተነስታ ጆንያውን በርቀት ዓይኗን አጥብባ አየችው። «ቀንዱ ከግንዱ ጋር ተቀላቅሎ ጠፍቷል» አለች። «ከዚህ አንስታችሁ እዚያ ጉብታ ላይ አውጡት። ከሥር ሆናችሁ ስታነሱት ቀንዱ ሰማይ ላይ ይወጣል።»

አወጡት። ዳርቱ ተኝታ በካሜራው ካየች በኋላ ስትነሳ፣ ይህን ሦስት እሁድ ሙሉ አላየሁትም ብላ አመነች። የሒሩት ደስታ ከፊቷ አልተደበቀም። ትልቅ ደስታ አይደለም። ለታክሲው መንገድ ያህል የሚበቃ ነበር።

እስከ ከሰዓት ሲለማመዱ ውለው ሲወርዱ ሥርጉት ደወለች። ቀንዱን አየሽው ወይ፣ ምን ይመስላል ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች። ሒሩት የበሬ ነው ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ቤት ሲደርሱ ፀሐይዋ ከአጥሩ ልትወርድ ነው። ሒሩት ከሐሙስ ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን ፍሬም አንስታ በምስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው፤ ትንሽ ተጣሞ ነበር፣ አቃናችው። ከዚያ ካሜራዋን ከቦርሳዋ አወጣች። በሩ አጠገብ ጫማውን የሚፈታው የማነ እጁ ወደ ጉንጩ ሄደ፣ ወዲያው ደግሞ አወረደው። እሷ ግን እጁን አይታዋለች።

«ቀኝህ…» አለችና አቆመች። ምላሷ ሃያ ዓመት የለመደውን ሊጨርስ ይታገላታል። «በፈለግከው» አለች በመጨረሻ። ቃሉ የሰው ልብስ እንደለበሱ ያህል ጠበባት።

የማነ አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ አንዱን ውጭ አድርጎ ቆመ። ወደ ቀኝም ወደ ግራም አልዞረም፤ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ አያት። ሔራን ከክፍሏ ብቅ ብላ «እማዬ፣ ጉርድ ፎቶ ነው እንዴ?» ስትል ሊስቅ አፉን ከፈተ፣ ሒሩትም አነሳችው።

ሦስቱም ስክሪኑ ላይ ተደፍተው አዩት። ብርሃኑ አንሷል። አንድ ዓይኑ ተከድኗል፣ ከወገቡ በታች ደብዝዟል። ሁለቱም ጉንጮቹ ግን አሉ።

«የእሷ ይበልጣል» አለች ሒሩት።

የማነ ግድግዳውን አየ፣ ስክሪኑን አየ። «ይበልጣል» አለ። መዋሸቱን ለዛሬ የተወው ይመስላል። ሒሩትን ይህም ቆጠቆጣት፤ ትንሽ ቢዋሽ አትጠላም ነበር።

ራት ላይ ሽሮውን ዝም ብሎ በላ፣ ጨምሪልኝ ብሎም ደገመ። ሔራን ልትተኛ ስትገባ ሒሩት ሳህኖቹን እያነሳች፣ የሚመጣው እሁድ ሳሩን የምትይዘው እሷ እንደሆነች ነገረችው። ዳርቱ ቀንዱን፣ እሷ ሳሩን፤ እሱ ባዶ እጁን ይምጣ። የማነ የፈለግሽውን ብሎ ሊመልስ ጀምሮ ሳቅ ያዘው።

ወደ በሩ ሄደች። በሩ ክረምት ገብቶበት ስላበጠ ካልተነሳ አይገጥምም፤ በትከሻዋ ትንሽ ከፍ አድርጋ ገፋችው፣ ቁልፉን አንድ ጊዜ አዞረችው፣ ሁለተኛ አዞረችው። የዚያ ጋራ ቀጭን መንገድ፣ የዳርቱ ሰፊ ኮፍያ፣ የሚቀጥለው ጉዞ፣ ሁሉም ከውጭ ነው።

«ቆለፍሽው?» አለ የማነ ከመኝታ ቤት።

እጀታውን ጎተተችው። ተቆልፏል።